ያረጀ የአደን ውሻ ምን ይሥራ?

ውሻ በአገራችን ቤት ይጠብቃል። ሌሊት ጅብ ሲመጣ ይጮኻል። ቀን ከእረኛ ጋር መንጋ ሲጠብቅ ይውላል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን።

በሌሎች አገሮች ደግሞ ሌላ ሥራ የሚሠሩ ውሾች አሉ። በዛሬው ትምህርታችን ከነዚህ አንዱን እናያለን። ይህ ውሻ ሪትሪቨር ይባላል። ሥራው በአደን ጊዜ የተመታ ወፍ ፈልጎ ማምጣት ነው።

ታዲያ ይህ ውሻ ሲያረጅስ? አዳኙ ጌታው ለሌላ ሰው ሲሰጠውስ? አዲሱ ጌታ ምን ያሠራዋል? ወይስ ሥራ ይቅርብህ፣ ተኛ ይለዋል?

ነገሩ የሩቅ አገር ነገር ይመስላል። ነገር ግን በሬ ጠምዶ፣ በሬ አሳርሶ ያስረጀ ሰው ቶሎ ይገባዋል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

1. ሪትሪቨር ምን ዓይነት ውሻ ነው?

«ሪትሪቨር» የእንግሊዝኛ ቃል ነው። «መልሶ የሚያመጣ» ማለት ነው።

በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድ፣ በካናዳና በአሜሪካ ብዙ ሰዎች ዳክዬና ሌሎች ወፎችን በጠመንጃ ያድናሉ። የተመታው ወፍ ሐይቅ ውስጥ ይወድቃል። ወይም ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባል። ሰው ሊያገኘው አይችልም። ያን ጊዜ ውሻው ይላካል። ውሻው ይዋኛል፤ ያሸታል፤ ያገኛል። ወፉን በአፉ ይዞ ይመለስና ለጌታው በእጁ ያስረክባል። አይበላውም፤ አያደቀውም። የጥሩ ሪትሪቨር አፍ ለስላሳ ነው። እንቁላል ሳይሰብር ይዞ የሚሄድ አለ።

ከሪትሪቨሮች መካከል በጣም የታወቁት ሁለት ናቸው። አንደኛው ላብራዶር ነው። የላብራዶር ጥንት አያቶች የኖሩት በካናዳ ምሥራቅ በምትገኘው በኒውፋውንድላንድ ደሴት ነበር። እዚያ ከዓሣ አጥማጆች ጋር ይሠሩ ነበር። መረብ ከውሃ ይጎትቱ፣ ከመንጠቆ ያመለጠ ዓሣ ይይዙ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በመርከብ ወደ እንግሊዝና ወደ ስኮትላንድ ተወሰዱ። በዚያ የአደን ውሾች ሆኑ። በ1903 የእንግሊዝ የውሾች ማኅበር ላብራዶርን ራሱን እንደ ቻለ ዘር በመዝገቡ ተቀበለው።

ሁለተኛው ጎልደን ሪትሪቨር ነው። ጠጉሩ የወርቅ ቀለም አለው። ይህ ዘር የተገኘው በስኮትላንድ ተራራማ አገር ነው። በኋላ ሎርድ ትዊድማውዝ የተባለው ባለ ርስት በ1868 ቢጫ ሪትሪቨርን ከአንዲት የውሃ ውሻ ጋር አዳቀለ። የወንዱ ስም ኑስ፣ የሴቷ ስም ቤል ነበር። ከነርሱም አራት ቢጫ ቡችሎች ተወለዱ። የዛሬዎቹ ጎልደኖች ከነዚያ የወረዱ ናቸው።

እንግዲህ እነዚህ ውሾች ከመቶ ዓመት በላይ ለአንድ ሥራ ተመርጠው ተራብተዋል። ሥራውም ሂድ ሲሉት መሄድ፣ ፈልግ ሲሉት መፈለግ፣ ሳያገኝ አለመመለስ ነው። ይህ ጠባይ በደማቸው ውስጥ አለ። ጥሩነቱም ችግሩም ከዚህ ይመጣል። ወደፊት እናየዋለን።

2. ያረጀው ውሻ ለምን ቤት ይለውጣል?

አንድ ላብራዶር ብዙውን ጊዜ እስከ 12 ዓመት ገደማ ይኖራል። ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው ግን እንደ ድሮው አይሮጥም። ከቀዝቃዛ ውሃ ሲወጣ ይንቀጠቀጣል። በማግሥቱ ያነክሳል። አዳኙም ሌላ ወጣት ውሻ ያሠለጥናል።

ብዙ አዳኞች ያገለገላቸውን ውሻ እስኪሞት ድረስ በቤታቸው ይጦሩታል። የማይችሉም አሉ። አንዳንዱ ራሱ ያረጃል፤ ይታመማል። አንዳንዱ ወደ ከተማ ይገባል። አንዳንዱ ይሞትና ውሻው ያለ ሰው ይቀራል። ያን ጊዜ ውሻው ለዘመድ ይሰጣል፤ ወይም ወደ ውሾች መጠለያ ይወሰዳል።

የውሾች መጠለያ በእንግሊዝ አገር የቆየ ነገር ነው። በ1860 ሜሪ ቲልቢ የተባሉ ሴት ለጠፉና ለተራቡ ውሾች በለንደን ከተማ መጠለያ አቋቋሙ። ያ መጠለያ ባተርሲ በሚል ስም እስከ ዛሬ አለ። ዛሬ በእንግሊዝም በአሜሪካም ለሪትሪቨሮች ብቻ የቆሙ ማኅበሮች አሉ። ሥራቸው ጌታ ያጣ ውሻን ተቀብለው ለሚፈልግ ሰው መስጠት ነው።

ወደ መጠለያ የሚመጣው ሰው ብዙውን ጊዜ ዓይኑ ቡችላ ላይ ነው። አፉ የሸበተውን ውሻ አልፎት ይሄዳል። ይሁን እንጂ ሽማግሌው ውሻ የራሱ ጥቅም አለው። ጫማ አያኝክም። ተቀመጥ ሲሉት ይቀመጣል። ጠባዩ አስቀድሞ ይታወቃል። ማስተማር የሚጀመረው ከሀ አይደለም።

3. ጠይቆ መረከብ

በሬ የሚገዛ ገበሬ ገበያ ላይ ዝም ብሎ ብር አይቆጥርም። «ቀኝ ነው ግራ?» ብሎ ይጠይቃል። «ይዋጋል ወይ?» ይላል። ጥርሱን ያያል፤ ሸሆናውን ያያል። በሬው ግራ ጎኑን የለመደ ከሆነ በቀኝ ጠምዶ ቢመታው ምን ይጠቅማል? ጥፋቱ የበሬው አይደለም፤ የጠማጁ ነው።

የአደን ውሻ የሚረከብ ሰውም እንደዚሁ ከፊተኛው ጌታ መጠየቅ አለበት። ጥያቄዎቹ የሚከተሉት ናቸው፦

ሀ. የሚያውቃቸው ቃላት የትኞቹ ናቸው?
ለ. የሚታዘዘው በቃል ነው፣ በፊሽካ ነው፣ ወይስ በእጅ ምልክት?
ሐ. ያደገው ቤት ውስጥ ነው ወይስ ውጭ በውሻ ጎጆ?
መ. ምን ይበላል? በቀን ስንት ጊዜ?
ሠ. የትኛው እግሩ ታሞ ያውቃል?
ረ. ከዶሮና ከድመት ጋር ይስማማል?

የፊሽካውን ነገር እንመልከት። በብዙ ቦታ አንድ ረዥም ፊሽካ «ቁም፣ ተቀመጥ፣ እኔን እይ» ማለት ነው። ተደጋግሞ የሚነፋ አጭር ፊሽካ «ና» ማለት ነው። ይህን የማያውቅ አዲስ ጌታ ውሻው ሩቅ ሄዶበት ስሙን እየጠራ ጉሮሮው እስኪደርቅ ይጮኻል። ውሻው ግን የሚጠብቀው ፊሽካ ነው። ሰውዬው «ይህ ውሻ እልኸኛ ነው» ይላል። ውሻውስ ቢናገር ኖሮ «ይህ ሰው ቋንቋ አያውቅም» ባለ ነበር።

ውጭ በጎጆ ያደገ ውሻ ቤት ውስጥ ሲገባ ብዙ ነገር ያስፈራዋል። የሚያንሸራትት ወለል አይቶ አያውቅም። ደረጃ አያውቅም። ቴሌቪዥን ሲናገር ይደነግጣል። ስለዚህ ጊዜ ይፈልጋል። የመጠለያ ሠራተኞች ለአዲስ ጌቶች የሚነግሩት ልማድ አለ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀኖች ውሻው ይደነግጣል። በሦስት ሳምንት የቤቱን ሥርዓት ይለምዳል። በሦስት ወር ቤቱ ቤቴ ነው ይላል። የሁሉም ውሻ ጊዜ እኩል አይደለም። ሆኖም ትዕግሥት እንደሚያስፈልግ ያሳያል። በነዚህ ቀኖች ምግቡ በሰዓቱ፣ መኝታው በአንድ ቦታ፣ ጉዞው በአንድ መንገድ ቢሆን ውሻው ቶሎ ይረጋጋል።

4. ሁለት ስህተቶች

ብዙ አዲስ ጌቶች ከሁለት ስህተቶች በአንዱ ይወድቃሉ።

የመጀመሪያው ስህተት የኳስ ስህተት ነው። ሰውዬው ውሻውን ይወደዋል፤ ሊያስደስተው ይፈልጋል። ኳስ ይወረውራል። ውሻው በሩጫ ሄዶ ያመጣል። ደግሞ ይወረውራል። ደግሞ ያመጣል። ሃያ ጊዜ፣ ሠላሳ ጊዜ። ውሻው ጅራቱን ይቆላል። ሰውዬውም «ደስ ብሎታል፤ ገና አልደከመም» ይላል። ማታ ግን ውሻው ከተኛበት መነሣት ያቅተዋል።

ለምን እንዲህ ሆነ? ሩጫ ላይ ድንገት መቆምና መጠምዘዝ የዳሌውን፣ የክርኑንና የጉልበቱን መገጣጠሚያ ይጎዳል። በላብራዶርና በጎልደን ዘሮች ደግሞ የዳሌና የክርን በሽታ የተለመደ ነው። በእርጅና ጊዜ ቁርጥማት ይሆናል። ውሻው ግን አይናገርም። አንሥተህ አምጣ ከተባለ እያመመውም ይሄዳል። ከላይ እንዳልነው ተመርጦ የተራባው ሳያገኝ እንዳይመለስ ነው። ደከመኝ ማለትን የሚያስተምረው አልነበረም። ስለዚህ «በቃ» ማለት ያለበት ውሻው ሳይሆን ሰውየው ነው።

ሁለተኛው ስህተት የመኝታ ስህተት ነው። ሌላው ሰው ደግሞ «አርጅቷል፤ ብዙ ለፍቷል፤ ይረፍ» ይላል። ምንጣፍ ያነጥፍለታል። ቀኑን ሙሉ ይተኛል። ነገሩ ከደግነት ነው። ይሁን እንጂ የማይንቀሳቀስ ውሻ ይወፍራል። የእግሩ ጡንቻ ይሟሽሻል። መገጣጠሚያው ይብሱን ይደርቃል። ሥራ የለመደ አእምሮም ሥራ ሲያጣ ይታመማል። ውሻው ያለ ምክንያት ይጮኻል፤ ከበር በር ይመላለሳል፤ ወይም ግድግዳ እያየ ይተክዛል።

እንግዲህ ለሽማግሌው ውሻ የሚሻለው ምንድን ነው? ልኩን ያወቀ ሥራ ነው። የእግሩን ሥራ ቀንሶ የአፍንጫውን፣ የአፉንና የአእምሮውን ሥራ መጨመር ነው።

5. ለሽማግሌ ውሻ የሚስማሙ ሥራዎች

ሀ. በአፍንጫ መፈለግ

ዓይን ይደክማል፤ ጆሮ ይደክማል። አፍንጫ ግን ብዙውን ጊዜ ለረዥም ጊዜ ያገለግላል። በሰው አፍንጫ ውስጥ ሽታ የሚለዩ ሕዋሶች 5 ወይም 6 ሚሊዮን ገደማ ናቸው። በውሻ አፍንጫ ውስጥ ግን ከ200 ሚሊዮን በላይ ይሆናሉ። ስለዚህ የአፍንጫ ሥራ ለውሻ ትልቅ ሥራ ነው። ሳይሮጥ ይደክመዋል፤ ደስም ይለዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሦስት ዕቃዎች ይደፋሉ። ከአንዱ ሥር ቁራሽ ምግብ ይቀመጣል። ውሻው እያየ ይሁን። «ፈልግ» ይባላል። ሲያገኝ ይመሰገናል። ይህን ሲለምድ ሳያይ ይደበቃል። ቀጥሎ በሌላ ክፍል፣ ከዚያም በደጅ፣ ከዚያም በሣር ውስጥ ይደበቃል። ከምግብ ይልቅ የሚያውቀውን የሸራ ከረጢት መደበቅም ይቻላል። አሥር ደቂቃ ይበቃል።

የነፋሱን አቅጣጫ መርሳት አይገባም። ገበሬ እህል ሲያዘራ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ አስቀድሞ ያያል። እዚህም እንደዚሁ ነው። ነፋሱ ከተደበቀው ዕቃ ወደ ውሻው ሲነፍስ ውሻው ቶሎ ያገኛል። ለጀማሪ ወይም ለደካማ ውሻ እንዲህ ይደረግለታል። ጎበዝ ሲሆን ነፋሱ ከጎን ይሁን።

በአሜሪካ ይህ የሽታ ፍለጋ ውድድር እስከ መሆን ደርሷል። የሚፈለጉት ሽታዎች የአንድ ዛፍ ቅርፊት ዘይት፣ የአኒስና የቅርንፉድ ዘይት ናቸው። አዎ፣ ለሻይ የምንጨምረው ቅርንፉድ! ዘይቱ በትንሽ ጥጥ ላይ ይነካና በቆርቆሮ ዕቃ ውስጥ ይደበቃል። ውሻው ያን ሽታ ፈልጎ ያገኛል። በዚህ ውድድር የሸበቱ ውሾችም፣ የደነቆሩ ውሾችም ይገባሉ። እዚያ የሚፈለገው አፍንጫ እንጂ ሩጫ አይደለምና።

ለ. ቆይቶ ማምጣት

ይህ የድሮ ሥራው ነው። ሙሉ በሙሉ ሊከለከል አይገባም። አሠራሩ ግን ይለወጣል። ነገሩ አይወረወርም። ውሻው «ተቀመጥ» ይባላል። ሰውየው ራሱ ሄዶ የሸራውን ከረጢት ሃያ ወይም ሠላሳ እርምጃ ርቆ ያስቀምጣል። ተመልሶ ከውሻው አጠገብ ይቆማል። ጥቂት ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ «አምጣ» ይላል። ከረጢቱ ስለማይንቀሳቀስ ውሻው በእርጋታ ሄዶ ያነሣዋል። ድንገት መቆም፣ ድንገት መጠምዘዝ የለም።

ለወጣት ውሻ የሚሠራው ከረጢት ግማሽ ኪሎ ያህል ይመዝናል። ለሽማግሌው ከዚያ ይቅለል። ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ማምጣት ይበቃል። ውሻው «ጨምሩልኝ» እያለ ሳለ ማቆም ጥሩ ነው። ነገ በጉጉት ይነሣል።

ከረጢቱን ትናንት በነበረበት ቦታ ሳያይ አስቀምጦ መላክም ይቻላል። ያን ጊዜ ውሻው የሚሠራው በማስታወስ ነው። ይህ ለአእምሮው ነው።

ሐ. በእግር መሄድ

አንድ ረዥም ጉዞ ከማድረግ በቀን ሁለት ወይም ሦስት አጭር ጉዞ ይሻላል። ለስላሳ መሬት፣ ሣር ወይም አፈር ይመረጣል። መጠኑ በየቀኑ እኩል ይሁን። ሳምንቱን ሙሉ አስተኝቶ በዕረፍት ቀን ተራራ ማስወጣት ጉዳት ነው። በመንገድ ላይ ቆሞ ሲያሸት አይጎተት። ለእርሱ ማሽተት እንደ ማንበብ ነው። ማን እንዳለፈ፣ መቼ እንዳለፈ የሚያውቀው በዚያ ነው።

መ. ዋና

ሪትሪቨር የውሃ ውሻ ነው። የላብራዶር ወፍራም ጅራት እንደ መቅዘፊያ ያገለግለዋል። በእግሩ ጣቶች መካከል ያለው ቆዳም ለዋና ይረዳዋል። በውሃ ውስጥ ክብደቱን ውሃው ይሸከምለታል። ጡንቻው ይሠራል፤ መገጣጠሚያው ግን አይጎዳም። ይሁን እንጂ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከገደል ዘሎ መግባት የለበትም። ቀስ ብሎ ከዳር ይግባ። ውሃው በጣም መቀዝቀዝ የለበትም። በቀዝቃዛ ውሃ ብዙ ከዋኘ ጅራቱ እንደ ተሰበረ ዕቃ የሚንጠለጠልበት ጊዜ አለ። ያመዋል፤ በጥቂት ቀናት ግን ይድናል። ከውሃ ሲወጣ ገላውና ጆሮው በደንብ ይድረቅ። እርጥብ ጆሮ ይመረቅዛል።

ሠ. ዕቃ ማቀበል

አንዳንድ ቀን ውሻው የሰውየውን ጫማ በአፉ ይዞ ይመጣል። አዲሱ ጌታ «ሌባ!» ብሎ ይጮኻል፤ አንዳንዱም ይመታዋል። ይህ ትልቅ በደል ነው። ውሻው አልሰረቀም። ዕድሜውን ሙሉ የተመሰገነበትን ሥራ ሠራ እንጂ። ያገኘውን ለጌታው አመጣ። መቀበልና ማመስገን ይገባል። ለወደፊቱ ጫማው ይሰወር፤ ለውሻውም የሚያመጣው ነገር ይሰጠው። ጋዜጣ፣ ትንሽ ቅርጫት፣ የታጠበ ፎጣ መሸከም ይችላል። በአፉ ዕቃ ይዞ የሚሄድ ሽማግሌ ሪትሪቨር አንገቱን ቀና አድርጎ ይራመዳል።

6. ዓይንና ጆሮ ሲደክሙ

የአደን ውሻ ዕድሜውን በጠመንጃ ድምፅ አጠገብ አሳልፏል። በዚያ ላይ እርጅና ሲጨመርበት ጆሮው ይደነቁራል። «አልታዘዝ አለ» ከማለት በፊት ይሰማል ወይ ብሎ መመርመር ያስፈልጋል። ከበስተኋላው ሆኖ ማጨብጨብና ጆሮው ይንቀሳቀስ እንደሆነ ማየት ነው።

ደግነቱ የአደን ውሻ የእጅ ምልክት ተምሯል። ጠመንጃ ያዡ እጁን ወደ ቀኝ ሲዘረጋ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ሲዘረጋ ወደ ግራ ይሄድ ነበር። ስለዚህ ጆሮው ቢጠፋም በእጅ ማነጋገር ይቻላል። ዓይኑ እየደፈረሰ ከሄደ ምልክቱ ሰፋ ተደርጎ ይታይ። የተኛን ደንቆሮ ውሻ ድንገት መንካት አይገባም። ደንግጦ ሊነክስ ይችላል። መሬቱን በእግር መታ መታ ማድረግ ይሻላል። ንዝረቱ ይቀሰቅሰዋል።

7. ምግብና ጤና

ላብራዶር ሆዳም ነው ይባላል። እውነትም ምክንያት አለው። በእንግሊዝ አገር የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 አንድ ነገር አስታወቁ። ከአራት ላብራዶሮች አንዱ ያህል ከወላጆቹ የወረሰው ጉድለት አለበት። ይህ ጉድለት በልቶም እንዲራብ ያደርገዋል። ስለዚህ ውሻው ዓይን ዓይን ስላየ ብቻ ምግብ አይጨመርለትም።

ሌላም ጥናት አለ። በአሜሪካ 48 ላብራዶሮች ከቡችላነታቸው እስከ ሞታቸው ድረስ ሁለት ሁለት እየሆኑ ተጠኑ። ከሁለቱ አንዱ ከጓደኛው ሩብ ያነሰ ምግብ ይሰጠው ነበር። በ2002 ውጤቱ ወጣ። ያነሰ የበሉት ወደ ሁለት ዓመት ገደማ የበለጠ ኖሩ። ቁርጥማቱም ዘግይቶ መጣባቸው። መክሳት ማለት ግን አይደለም። ልኩ የሚታወቀው በእጅ ነው። ጎኑ ሲዳሰስ የጎድን አጥንቱ በቀላሉ ከተገኘ ደህና ነው። ተጭነን ፈልገን ካጣነው ወፍሯል።

የሥራው ሽልማት ከዕለት ምግቡ ተቀንሶ ይሰጠው። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ወይንና ቸኮላት ለውሻ መርዝ ናቸው። የተቀቀለ አጥንትም ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል።

ውሻው እያመመው እንደሆነ በምን ይታወቃል? የሚከተሉትን ማየት ነው፦

ሀ. ከመኝታው ሲነሣ ይዘገያል፤ ጥቂት ከሄደ በኋላ ይፍታታል።
ለ. አንዱን መገጣጠሚያ ደጋግሞ ይልሳል።
ሐ. የለመደውን ደረጃ ይፈራል።
መ. ሲነኩት ይቆጣል።
ሠ. በጉዞ ላይ ወደ ኋላ ይቀራል።

ከነዚህ አንዱ ከታየ ሥራው ይቀነስ፤ የእንስሳት ሐኪም ይየው። ለሰው የሚታዘዝ የሕመም ማስታገሻ ለውሻ መስጠት አይገባም። ብዙዎቹ ይገድሉታል።

8. የመጨረሻው ሥራ

እግሩ ደክሞ፣ ዋናው ቀርቶ፣ ከረጢት ማንሣት ሲያቅተውስ? ያን ጊዜም ሥራ አለ።

በእንግሊዝ ከ1983 ጀምሮ የተረጋጉ ውሾችን ወደ ሐኪም ቤትና ወደ አረጋውያን መጦሪያ የሚወስድ ማኅበር አለ። ውሻው ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ ይቀመጣል። በሽተኛው ይዳብሰዋል። ሥራው ይኸው ነው። ወጣት ውሻ ይህን አይችልም፤ ይዘላል። ሽማግሌው ይችላል። መጀመሪያ ግን ጠባዩ ይፈተናል፤ ጤናው ይመረመራል።

በ1999 ደግሞ በአሜሪካ ዩታ በሚባለው ክፍለ ሀገር ሌላ ሥራ ተጀመረ። ማንበብ የሚያስቸግራቸው ልጆች ለውሻ እንዲያነቡ ተደረገ። ልጁ መጽሐፉን ይዞ መሬት ላይ ይቀመጣል። ውሻው አጠገቡ ይተኛል። ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። ሥራው ወደ ሌሎች አገሮችም ተዛምቷል።

ውሻ ንባብ አይሰማም እንል ይሆናል። እውነት ነው፤ ትርጉሙን አይሰማም። ግን እስቲ የራሳችንን እናስታውስ። በስተዕድሜ ፊደል የቆጠርን ሰዎች በሰው ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ስናነብ ምን ሆንን? ምላሳችን ተሳሰረ። ላብ አጠመቀን። ያስፈራን ፊደሉ አልነበረም፤ የሰው ሳቅ ነበር። ውሻ አይስቅም። «ተሳስተሃል» አይልም። «ቶሎ በል» አይልም። ልጁ በአንድ ቃል ላይ ቢቆም ውሻው አብሮ ይጠብቃል። ዕድሜውን ሙሉ ተቀምጦ መጠበቅን ተምሯልና።

9. ማጠቃለያ

ከዚህ ትምህርት የምንረዳው ምንድን ነው? ያረጀ ሠራተኛ እንስሳ ሥራ መተው የለበትም፤ ሥራው ሊለወጥለት ይገባል። አዲስ ጌታ የፊተኛውን ጌታ ቋንቋ መጠየቅ አለበት። ከሁሉም በላይ፣ ደከመኝ የማይል እንስሳ ጌታው «በቃ» ይበልለት።

በደጃችን ያለው ውሻ ሪትሪቨር አይደለም። አፍንጫ ግን አለው። አንድ ቀን ማታ ቁራሽ እንጀራ ከቅርጫት ሥር ደብቀን «ፈልግ» እንበለው። የምናውቀው የገዛ ቤታችን ውሻ ይሁን፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም የተከተበ ይሁን። ሲያሸት፣ ሲዞር፣ ሲያገኝ እንየው። ለካስ ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር እንላለን።

የቃላት ፍች

ሪትሪቨር — በአደን የተመታን ወፍ ፈልጎ የሚያመጣ ውሻ
ማራባት — ወንድና ሴት እንስሳ አገናኝቶ እንዲወልዱ ማድረግ
መገጣጠሚያ — አጥንትና አጥንት የሚገናኙበት የአካል ክፍል
መቅዘፊያ — ጀልባን በውሃ ላይ የሚነዱበት እንጨት
ንዝረት — የመሬት ወይም የዕቃ መንቀጥቀጥ

ጥያቄዎች

1. ሪትሪቨር የሚለው ቃል ትርጉም ምንድን ነው?
2. የላብራዶር ጥንት አያቶች ከማን ጋር ይሠሩ ነበር? ሥራቸውስ ምን ነበር?
3. በሬ የሚገዛ ሰውና ውሻ የሚረከብ ሰው በምን ይመሳሰላሉ?
4. የኳስ ስህተት የተባለው ምንድን ነው? ለምንስ «በቃ» የሚለው ሰውየው መሆን አለበት?
5. ውሻ ዕቃ እንዲፈልግ ስንልከው የነፋሱ አቅጣጫ ለምን ይታያል?
6. ጆሮው የደነቆረ የአደን ውሻ በምን ይነገረዋል?
7. ውሻ ሲያመው ከሚያሳያቸው ምልክቶች ሦስቱን ጻፉ።
8. ልጆች ለውሻ ሲያነቡ የማያፍሩት ለምንድን ነው? እናንተስ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበባችሁት በማን ፊት ነበር? ለጓደኞቻችሁ ንገሩ።